ኳሷ ጣሪያ ውስጥ ስትቀር ዳኛው ምን ይላል?

እ.ኤ.አ. ሜይ 4 ቀን 1984። ቦታው አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ፣ ሜትሮዶም የሚባለው ስታዲየም፤ ጨዋታው ቤዝቦል። ጣሪያው በአየር ግፊት የተወጠረ ጨርቅ ነበር። የኦክላንዱ መቺ፣ ማለትም ኳስ በዱላ የሚመታው ተጫዋች፣ ዴቭ ኪንግማን አንዲት ኳስ ወደ ላይ አጎናት። ተከላካዮቹ አንጋጠው ጠበቋት። አልወረደችም። ጣሪያው ላይ ካሉት የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች በአንዱ ገብታ እዚያው ቀረች።

እናንተ ዳኛ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ማንም አልያዛትም፤ ስለዚህ መቺው አውት፣ ማለትም ተራው ያበቃ፣ አይባልም። አጥር አልተሻገረችም፤ ስለዚህ ሆም ራን፣ ማለትም መቺው ሙሉ ዙር ሮጦ ነጥብ የሚያስቆጥርባት ምት፣ አይደለችም። መሬትም አልነካችም። ተጫዋቹም፣ አሰልጣኙም፣ ተመልካቹም ዓይኑን ወደ ዳኛው ያዞራል። በዚያን ዕለት ዳኞቹ ለኪንግማን ሁለት ቤዝ (ነጥብ ለማስቆጠር በየተራ ከሚረገጡት አራት ማረፊያዎች ሁለቱን) ሰጡትና ጨዋታው ቀጠለ።

ከዚያ 10 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ጁን 10 ቀን 1974፣ ሂዩስተን በሚገኘው አስትሮዶም ሌላ ነገር ሆኖ ነበር። የፊላደልፊያው ማይክ ሽሚት አንዲት ኳስ ከልቡ መታ። ከአጥሩ ማዶ የምታርፍ ትመስል ነበር። ግን መንገዷ ላይ ከጣሪያው የተንጠለጠለ ድምፅ ማጉያ አገኘች። ከመሬት 117 ጫማ ከፍታ ላይ ነው፤ ወደ 36 ሜትር መሆኑ ነው። ኳሷ ተላትማ ሜዳው መሀል ወደቀች። በዚያ ስታዲየም ደንብ መሠረት ድምፅ ማጉያ የመታች ኳስ ጨዋታ ላይ ናት፤ ማለትም ጨዋታው አይቆምም። ሽሚት ያገኘው አንድ ቤዝ ብቻ ሆነ።

እውነት ለመናገር ሽሚት ያሳዝነኛል። እንደዚያ የተመታ ኳስ አንድ ቤዝ ብቻ ሲያስገኝ ማየት ያማል። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ግን የሽሚቱ ውሳኔ ፍትሐዊ እንደነበር አልጠራጠርም። ደንቡ ኳሷ ከመመታቷ በፊት ነበር። ማንን እንደሚጎዳ፣ ማንን እንደሚጠቅም ማንም ሳያውቅ የወጣ ደንብ ነው። ዳኛው የሚጠበቅበት ያንኑ መፈጸም ነበር፤ ፈጸመው።

እንዲህ ያለው ደንብ በእንግሊዝኛ ግራውንድ ሩል ይባላል። እኔ እዚህ "የሜዳ ደንብ" እያልኩ እቀጥላለሁ። የአንድ ሜዳ የራሱ ደንብ ማለት ነው። ሌላ ቦታ ስትሄዱ ላይኖር ይችላል።

ለምን አስፈለገ? ቤዝቦል ውስጥ ልኩ የማይነካው የሜዳው የውስጠኛው ክፍል ነው። ከቤዝ እስከ ቤዝ 90 ጫማ፣ ማለትም 27.43 ሜትር። ኳሷን ለመቺው ከሚወረውረው ከወርዋሪው እስከ መቺው 60 ጫማ ከ6 ኢንች፣ ማለትም 18.44 ሜትር። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን እንደ ቦታው ነው። ቦስተን ውስጥ ፌንዌይ ፓርክ በግራ በኩል ከ11 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ግድግዳ አለው፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ መሰላል አለ። ሂዩስተን ውስጥ፣ ከአስትሮዶም ሌላ በሆነ ስታዲየም፣ በመሀል ሜዳው የኋላ ጫፍ ጉብታ ነበር፤ ጉብታው ላይ የባንዲራ ምሰሶ ቆሞ፣ ሁለቱም ጨዋታ ውስጥ ይቆጠሩ ነበር። ያ ጉብታ የተነሳው ከ2016ቱ የውድድር ዘመን በኋላ ነው። ቺካጎ ውስጥ ሪግሊ ፊልድ ከ1937 ጀምሮ የኋላ ግድግዳው በሐረግ ተሸፍኗል። ኳስ ቅጠሉ ውስጥ ትገባና ትጠፋለች።

ነገሩ ዱሮም የመጣው ከእንዲህ ያለ ችግር ነው። የመጀመሪያው ወርልድ ሲሪስ፣ ማለትም የዓመቱ ሻምፒዮን የሚለይበት ውድድር፣ በ1903 ቦስተንና ፒትስበርግ ሲጫወቱ ተመልካቹ ከመቀመጫው ተርፎ ሜዳው ውስጥ ገባ። ገመድ ተወጠረና ሰዉ ከገመዱ ጀርባ ቆመ። ኳስ ሕዝቡ መሀል ስትገባስ? ፒትስበርግ ላይ ሦስት ቤዝ ተባለ። በዚያ ውድድር የሦስት ቤዝ ምቶች የበዙት ለዚህ ነው። የዛሬው የሜጀር ሊግ፣ ማለትም የአሜሪካው ትልቁ የቤዝቦል ሊግ፣ ደንብ መጽሐፍ ስለ ሜዳ ደንብ ሲናገር መጀመሪያ የሚጠቅሰው እስካሁንም ሜዳ ውስጥ ስለሚተርፍ ተመልካች ነው። አሁን እንደዚያ የሚሆን ስታዲየም የለም፤ አንቀጹ ግን የመነሻውን ታሪክ እንደያዘ ቀርቷል።

አንቀጹ 4.05 ነው። አጭር ቢሆንም አሠራሩ በጣም ብልህ ነው። የባለሜዳው አሰልጣኝ ያስፈልጋሉ የሚላቸውን የሜዳ ደንቦች ለዋናው ዳኛና ለእንግዳው ቡድን አሰልጣኝ ያቀርባል። እንግዳው ከተስማማ ደንቡ ይጸናል። ካልተስማማ ዋናው ዳኛ ራሱ ያወጣል። ዳኛው የሚያወጣው ግን ከዋናው የጨዋታ ደንብ ጋር መጋጨት የለበትም።

እስቲ አስቡት። ሜዳውን የሚያውቀው ባለሜዳው ስለሆነ የመጀመሪያው ቃል የእሱ ነው። እንግዳው አላውቅም ብሎ እንዳይበለጥ ደግሞ እምቢ የማለት መብት አለው። ሁለቱ ካልተግባቡ የሚፈርደው ከውጤቱ የሚጠቀመው ነገር የሌለው ሰው ነው። ያም ሰው ቢሆን እንዳሻው መፍረድ አይችልም፤ ከበላዩ መጽሐፉ አለ። እንዲህ ያለ ሚዛን በአንድ አጭር አንቀጽ ውስጥ ማግኘት ሁሌም ያስደንቀኛል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ላንሳ። መሬት ነጥራ አጥር የዘለለችን ኳስ ብዙ ሰው፣ የቴሌቪዥን ተንታኞችም ጭምር፣ "የሜዳ ደንብ ሁለት ቤዝ" ይሏታል። የሜዳ ደንብ አይደለም። በዋናው መጽሐፍ አንቀጽ 5.05 ውስጥ የተጻፈ፣ የትም ሜዳ ላይ የሚሠራ ደንብ ነው። አጥር ሥር ወይም ሐረግ ውስጥ ተቀርቅራ የቀረች ኳስም እዚያው አንቀጽ ውስጥ አለች። (እስከ 1930 ገደማ ድረስ ነጥራ አጥር የዘለለች ኳስ ሆም ራን ነበረች። ያኔ ሜዳ ላይ ቆሞ ለነበረ ወርዋሪ ከባድ ነበር።) ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም። ዳኛ የትኛው ደንብ ከመጽሐፍ፣ የትኛው ከሜዳው እንደመጣ ካላወቀ፣ በስምምነት ሊቀየር የማይችለውን ለመቀየር ይስማማል። "እዚህ ሜዳ ላይ ነጥራ የዘለለች ሦስት ቤዝ ናት" ብሎ አሰልጣኝ ቢጠይቅ፣ ሌላውም ቢስማማ፣ መልሱ አይሆንም ነው።

በትልልቅ ስታዲየሞች ይህ ሁሉ ተጽፎ ያለቀ ነው። ሜጀር ሊግ ለሁሉም ስታዲየም የሚሠሩ የጋራ የሜዳ ደንቦችም አሉት። ለምሳሌ የዳግአውቱ፣ ማለትም የተቀያሪዎቹ መቀመጫ፣ የላይኛው ደረጃ ጠርዝ ላይ ያረፈች ኳስ ጨዋታ ላይ ናት። እውነተኛው ፈተና ያለው ትንንሽ ሜዳዎች ላይ ነው። የታዳጊ ውድድር፣ የአማተር ሊግ፣ የትምህርት ቤት ጨዋታ። እዚያ ዳኛው አንድ ነው፤ ቢበዛ ሁለት። ካሜራ የለም። ደንቡ ያለው በሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው።

እንበልና እንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ደረሳችሁ። ጥሩ ዳኛ መጀመሪያ የሚያደርገው በእግሩ መዞር ነው። ቁጭ ብሎ "ምን ልዩ ነገር አለ?" ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ባለሜዳዎቹ ለምደውታልና ልዩ የሆነውን ነገር አያዩትም። የግራው አጥር ከታች ተቀዷል፤ ኳስ ያሳልፋል። ዳግአውት የሚባለው አግዳሚ ወንበር ብቻ ነው፤ ከፊቱ መስመር የለም። በቀኝ በኩል፣ የሜዳው የጎን ወሰን ከሆነው ከፋውል መስመሩ ውጪ፣ ወርዋሪዎች የሚያሟሙቁበት ቦታ አለ፤ ባልዲና የኳስ ከረጢት ተቀምጦበታል። ከግራው አጥር ጀርባ አንድ ትልቅ ዛፍ አለ፤ ቅርንጫፉ አጥሩን አልፎ ሜዳው ውስጥ ገብቷል።

እያንዳንዱ ነገር ላይ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። ኳስ እዚህ ብትደርስ ጨዋታው ይቀጥላል ወይስ ይቆማል? ከቆመስ ማን የት ይቆማል?

የአግዳሚ ወንበሩን ነገር እንውሰድ። ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። አንድ ተከላካይ ወደ አንደኛው ቤዝ ሲወረውር ኳሷ አምልጣው ዳግአውት ውስጥ ከገባች ሯጮች፣ ማለትም ቤዝ ላይ ያሉት የመቺው ቡድን ተጫዋቾች፣ ሁለት ቤዝ ይሰጣቸዋል። ወርዋሪው ከመወርወሪያው ቦታ ላይ ሆኖ ሯጭ ለመያዝ ወርውሮ ካመለጠችው ደግሞ አንድ ቤዝ። ዳግአውት ውስጥ ካልገባች ግን ሯጩ በእግሩ የደረሰበት ድረስ ነው። ስለዚህ "ዳግአውቱ የሚጀምረው ከየት ነው?" የሚለው ጥያቄ አንድ ነጥብ ያህል ይመዝናል። መስመር ከሌለ ዳኛው መስመር ማስመር አለበት። ኖራ ከተገኘ በኖራ። ካልተገኘ ከዚህ ምሰሶ እስከዚያ ምሰሶ ድረስ በሐሳብ የተሰመረ ቀጥ ያለ መስመር ብሎ ለሁለቱም ማሳየት። "አካባቢው" የሚል ቃል እዚህ ቦታ የለውም። "አካባቢው" ያለ ዳኛ በኋላ የራሱን ስሜት ነው የሚፈርደው።

ከዚያ ቤቱ ላይ፣ ማለትም መቺው በሚቆምበት ሆም ፕሌት ዙሪያ፣ አጭር ስብሰባ አለ። አሰልጣኞቹ የተሰላፊዎችን ዝርዝር ይሰጣሉ፤ የሜዳ ደንቡም ይነገራል። ብዙ ዳኞች ይቺን ጊዜ በችኮላ ያልፏታል። አሰልጣኞቹ ይተዋወቃሉ፣ "የታወቀው ነው" ይባባላሉ፣ እጅ ይጨባበጣሉ። እኔ ከዚህ ቃል በላይ የምፈራው የለም። ለማን ነው የታወቀው? ባለሜዳው አንድ ነገር ያውቃል፣ እንግዳው ሌላ ይገምታል፣ ዳኛው ሦስተኛ ነገር አስቧል። ሦስቱም እሺ ብለው ይለያያሉ። ጥሉ በሰባተኛው ኢኒንግ፣ ማለትም ሁለቱም ቡድኖች በየተራ በሚመቱበት ሰባተኛው ዙር፣ ይመጣል።

ስለዚህ ደንቡ ጮክ ተብሎ፣ ሁለቱም አሰልጣኞች ባሉበት፣ በጣት እየተጠቆመ ይነገራል። ረዳት ዳኛ ካለ እሱም አብሮ ይሰማል። አንዱ ዳኛ ሰምቶ ሌላው ካልሰማ በአንድ ጨዋታ ሁለት ሕግ አለ ማለት ነው። በአንድ ቀን በአንድ ሜዳ ላይ አራት አምስት ጨዋታ በሚደረግበት ውድድር ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የጠዋቱ ዳኛ "ቅርንጫፉ ጨዋታ ላይ ነው" ብሎ፣ የከሰዓቱ "አይደለም" ካለ፣ የጠዋቱ ተሸናፊ የሚያዝንበት ምክንያት አለው። መፍትሔው ከባድ አይደለም። አንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ለሚቀጥለው ዳኛ ማስረከብ ነው።

አሁን ጨዋታው ተጀመረ እንበል። እዚህ ላይ ፍትሕ የሚባለው ነገር ሁለት መልክ አለው። ሁለቱን ያምታታ ዳኛ መልካም ልብ ኖሮትም ይሳሳታል።

አንደኛው መልክ ዳኛው ምንም የማይጨምርበት ነው። ሯጭ አንደኛው ቤዝ ላይ አለ። መቺው ጥልቅ አድርጎ መታ። ኳሷ ነጥራ አጥር ዘለለች። ሯጩ ፈጣን ነው፤ ኳሷ አጥር ባትዘል ኖሮ ያለ ጥርጥር ቤት ገብቶ ነጥብ ያስቆጥር ነበር። ሁሉም ያውቃል። ደንቡ ግን ሁለት ቤዝ ይላል፤ ከአንደኛው የተነሳ ሯጭ ሦስተኛው ላይ ይቆማል። ዳኛው "ይህ ልጅ መግባቱ አይቀርም ነበር" ብሎ ሊያስገባው አይችልም። አሰልጣኙ ይጮሃል፣ ተመልካቹ ያጉረመርማል። እውነት አላቸው፤ ግን እውነታቸው ደንቡን አይቀይርም። ዛሬ ለፈጣኑ ሯጭ ካዘነ፣ ነገ ለመካከለኛው ምን ይላል? ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ምት ክርክር ነው።

ሁለተኛው መልክ ደግሞ ደንቡ ራሱ "አንተ አመዛዝን" የሚልበት ነው። ዋናው ምሳሌ የተመልካች ጣልቃ ገብነት ነው። ተመልካች እጁን ወደ ሜዳው አስገብቶ ጨዋታ ላይ ያለች ኳስ ከነካ ኳሷ ወዲያው ከጨዋታ ውጪ ትሆናለች። ዳኛው ደግሞ ተመልካቹ ባይገባ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ገምቶ ያንን ይፈርዳል። እዚህ ላይ ያንኑ ፈጣን ሯጭ ቤት ማስገባት ይችላል። ተከላካዩ ኳሷን መያዙ የማይቀር ነበር ካለ መቺውን አውት ማለትም ይችላል።

ይህ ከባድ ሥልጣን ነው። ኦክቶበር 9 ቀን 1996 ኒውዮርክ ውስጥ፣ በያንኪስና በባልቲሞር ጨዋታ፣ የያንኪሱ መቺ የዴሬክ ጂተርን ኳስ ከአጥሩ ጀርባ የነበረ የ12 ዓመት ልጅ እጁን ዘርግቶ ወደ መቀመጫው ወሰዳት። የቀኝ መስመሩ ዳኛ ሪች ጋርሲያ ሆም ራን አለ። ጨዋታው አቻ ሆነ፤ በ11ኛው ኢኒንግ ያንኪስ 5 ለ 4 አሸነፈ። ጋርሲያ በኋላ ምስሉን አይቶ ሆም ራን እንዳልነበረ አምኗል። ስህተት ሠርቷል፤ ግን በአደባባይ መሳሳቱን ያመነ ዳኛ ክብሬን ያገኛል። ያኔ ምስል አይቶ ማረም አይቻልም ነበር። ሜጀር ሊግ የሆም ራን ውሳኔዎችን በቪዲዮ ማየት የጀመረው በ2008 ነው፤ ለብዙ ሌሎች ውሳኔዎች የፈቀደው ደግሞ በ2014።

እንግዲህ ዳኛው ሁሌ ራሱን መጠየቅ ያለበት ይህ ነው። አሁን የያዝኩት ደንብ እንዳመዛዝን ይፈቅድልኛል ወይስ አይፈቅድልኝም? ካልፈቀደ አላመዛዝንም። ከፈቀደ ደግሞ ፈርቼ አልሸሽም። ሁለተኛውም ጥፋት ነው። አመዛዝን ተብሎ ሳለ "ሁለት ቤዝ ብዬ ልገላገል" የሚል ዳኛ ከውግዘት ይድን ይሆናል፤ ሥራውን ግን አልሠራም።

ወደ ሐረጉ ልመለስ፤ ጥሩ ትምህርት ስላለው። ሪግሊ ፊልድ ላይ ኳስ ሐረግ ውስጥ ገብታ ከቀረች ሁለት ቤዝ ናት። ተመልሳ ከወጣች ጨዋታው ይቀጥላል። የኋላ ተከላካዮች ይህን ስለሚያውቁ ኳሷ ቅጠል ውስጥ ስትገባ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ። "እነሆ፣ ጠፋች" ማለታቸው ነው። እጁን አስገብቶ የሚፈልግ ተከላካይ ግን ጨዋታውን ራሱ ቀጠለው፤ ሯጮቹም ይሮጣሉ። እዚህ ላይ ወጣት ዳኞች የሚወድቁበት ወጥመድ አለ። እጅ ሲነሳ አይተው ወዲያው ጨዋታ ያቆማሉ። የተከላካይ እጅ ውሳኔ አይደለም፤ ጥያቄ ነው። ዳኛው ሮጦ ሄዶ ማየት አለበት። ኳሷ በግልጽ የምትታይና በቀላሉ የምትነሳ ከሆነ ሯጮቹ የሮጡትን ያገኛሉ። ትንሽ ሜዳ ላይ፣ የተቀደደ አጥር ሥር፣ ያው ነው። ይህንንም አስቀድሞ መናገር ነው፦ "እጃችሁን ብታነሱ መጥቼ አያለሁ። ነፃ ሆና ካገኘኋት ጨዋታው አልቆመም።"

ወጥነት የሚባለውም እዚህ ላይ ነው የሚፈተነው። በመጀመሪያው ኢኒንግ፣ ውጤቱ 0 ለ 0 እያለ፣ ሮጦ ሄዶ ያየ ዳኛ በዘጠነኛውም መሮጥ አለበት። ደክሞት ይሆናል። ውጤቱ 11 ለ 2 ሆኖ ሁሉም ወደ ቤቱ መሄድ ፈልጎ ይሆናል። ለተሸነፈው ቡድን ግን ያቺ ኳስ ያው ኳስ ናት።

ማንም ያላሰበው ነገር ሲመጣስ? የጣሪያዋ ኳስ ዓይነት? መጽሐፉ ለዚህም መልስ አለው። አንቀጽ 8.01 በደንቡ ውስጥ በግልጽ ባልተጻፈ ነገር ላይ ዳኛው የመወሰን ሥልጣን እንዳለው ይናገራል። ሥልጣን ማለት ግን እንደመጣ መናገር አይደለም። መጀመሪያ ጨዋታውን ማስቆም። ባልደረባ ካለ ለብቻ ጠርቶ ያየውን መጠየቅ፤ ዳኞች ቆመው ሲማከሩ ማየት ተመልካችን ያሰለቻል እንጂ ማንንም አይበድልም። ለዳኞች የተሰጠው መመሪያም ይህንኑ ይላል፦ አሥር ደቂቃ ጨዋታ አቁሞ መጽሐፍ ማየት ከስህተት ይሻላል። ከዚያ የተጻፈውን ቅርብ ዘመድ መፈለግ ነው። ኳሷ ከሜዳው ክልል ወጥታ የማትመለስበት ቦታ ገብታለች? አጥር ሥር እንደገባች ኳስ ትመስላለች፤ ሁለት ቤዝ። አንድ ነገር መትታ ሜዳው ላይ ተመልሳ ወድቃለች? ያ ነገር የሜዳው አካል ከሆነ ጨዋታው ይቀጥላል። ለኪንግማን ሁለት ቤዝ መሰጠቱን የምደግፈው ለዚህ ነው፤ አዲስ ነገር ሳይፈጥሩ ለነበረው ደንብ የሚቀርበውን መልስ ሰጡ።

አንዴ ከተወሰነ ደግሞ ያ ውሳኔ ለቀሪው ጨዋታ የሜዳ ደንብ ሆነ ማለት ነው። ሁለቱም አሰልጣኞች በአንድነት ተጠርተው ይነገራቸዋል። ለአንዱ በጆሮው፣ ለሌላው በኋላ አይሆንም።

ደንቡ መጥፎ ሆኖ ከተገኘስ? የታምፓ ቤይ ቡድን ሜዳ የሆነው ትሮፒካና ፊልድ ጣሪያው ሥር አራት የብረት መተላለፊያ ቀለበቶች አሉት፤ ከላይ ወደ ታች ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ይባላሉ። በሁለቱ ፋውል መስመሮች መሀል ሲን ወይም ዲን የመታች ኳስ ሆም ራን ናት። የላይኞቹን ሁለቱን የመታች ግን ጨዋታ ላይ ነበረች። በኦገስት 2010 የሚኒሶታው ጄሰን ኩቤል ቀጥ ብላ የወጣች፣ በሌላ ሜዳ በቀላሉ የምትያዝ ኳስ መታ። የላይኛውን ቀለበት ነክታ ተከላካይ የሌለበት ቦታ ወደቀች። ሯጭ ገባ፤ ሚኒሶታም ጨዋታውን አሸነፈ። የታምፓ ቤይ ሰዎች ተናደዱ፤ ማንስ ቢሆን? ዳኞቹ ግን የተጻፈውን ፈጸሙ። ደንቡ የተቀየረው በኋላ፣ ከጥሎ ማለፉ ጨዋታዎች በፊት፣ ለሁሉም ቡድን ነው፤ የላይኞቹን ቀለበቶች የመታች ኳስ ውርወራዋ እንደሌለ ተቆጥሮ እንዲደገም ተባለ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ክፉ ደንብ በዕለቱ ይከበራል፤ ከዕለቱ በኋላ ይታረማል። በጨዋታ መሀል የተለወጠ ደንብ ሁሌም የተለወጠበት ሰው አለው።

አንድ ልዩነት አለ፤ አደጋ። መረቡ ከተቀደደ፣ ምሰሶ ከወደቀ፣ ሜዳው ውኃ ከቋጠረ ዳኛው በመሀል አዲስ የሜዳ ደንብ ማውጣት ሊኖርበት ይችላል። የእኔ ምክር ከተቻለ ኢኒንጉ በሙሉ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። እንግዳው በኢኒንጉ የመጀመሪያ አጋማሽ በአሮጌው ደንብ መትቶ፣ ባለሜዳው በሁለተኛው አጋማሽ በአዲሱ ከመታ እኩል አልሆኑም። ሰው ሊጎዳ የሚችል ከሆነ ግን ምንም አይጠበቅም።

ስለ ማካካስ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ዳኛ ተሳስቶ ከሆነና ካወቀ፣ ልቡ ለተበደለው ያዘነብላል። ቀጣዩን አጠራጣሪ ኳስ ለዚያ ቡድን ሊሰጥ ይፈልጋል። ይህ ክፋት አይደለም፤ ከጸጸት የሚመጣ ነው። የዳኞች መመሪያ ግን ቁርጥ አድርጎ ይከለክላል፦ ትሳሳታላችሁ፤ ስህተታችሁን በሌላ ውሳኔ ለማቻቻል ግን ፈጽሞ አትሞክሩ፤ ያያችሁትን ፍረዱ፤ ባለሜዳው የቱ፣ እንግዳው የቱ እንደሆነ እርሱት። ትክክል ነው። ማካካሻ ሁለተኛ ስህተት ነው። በደሉን አያነሳም፤ የተበዳዩን ቁጥር ወደ ሁለት ከፍ ያደርጋል።

ወደዚያች ትንሽ ሜዳ፣ ወደ ቅርንጫፉ ልመልሳችሁ። ስብሰባው ላይ የባለሜዳው አሰልጣኝ "ቅርንጫፍ የመታች ኳስ ጨዋታ ላይ ናት፤ ሁሌ እንዲህ ነው የምንጫወተው" አለ። እንግዳው አልተስማማም፤ የእሱ ልጆች ከዚያ ዛፍ ሥር ተጫውተው አያውቁም። ዳኛው ወሰነ፦ ቅርንጫፉን የመታች ኳስ ከጨዋታ ውጪ ናት፣ ውርወራው አይቆጠርም፣ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። በሦስተኛው ኢኒንግ የእንግዳው መቺ ኳስ ቅርንጫፉን መትታ ባዶ ቦታ ላይ ወደቀች። ሁለት ቤዝ ያስገኝ ነበር። ተመለሰ። እንግዳው አሰልጣኝ ደንቡን ራሱ ነው የፈለገውና ዝም አለ።

ዘጠነኛው ኢኒንግ፣ ሁለተኛው አጋማሽ። ሁለት አውት ሆኗል፤ ውጤቱ አቻ ነው። የባለሜዳው ሯጭ ሦስተኛው ቤዝ ላይ ቆሟል። መቺው ወደ ግራ ረጅም ኳስ መታ። ቅርንጫፉ ተነቃነቀ፣ ሁለት ቅጠል ረገፈ፣ ኳሷ ከተከላካዩ ፊት ሣሩ ላይ አረፈች። ሯጩ ቤቱን ረግጧል። ባለሜዳዎቹ ወንበራቸውን ጥለው ወደ ሜዳ እየሮጡ ነው።

ዳኛው ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ ቆሟል። ሯጩን ወደ ሦስተኛው ቤዝ ይመልሰዋል። መቺው ዱላውን ያነሳል። የመቺው የውርወራ ቆጠራ ከዚያች ውርወራ በፊት የነበረው ነው።